ዲፕሎማት ለሰው መብት ሲቆም

አንድ ወጣት ዲፕሎማት በተመደበበት አገር ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ይደወልለታል እንበል። ደዋይዋ የታሰረ ጋዜጠኛ ባለቤት ናት። «ባለቤቴ ነገ ችሎት ይቀርባል፤ ከኤምባሲያችሁ ሰው ይመጣል?» ትለዋለች። ፕሮቶኮልም የንግድ ድርድርም የሪፖርት አጻጻፍም ተምሯል። ለዚህ ጥያቄ ምን እንደሚመልስ ግን ማን አስተማረው?

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ መመሪያ አለ። ዲፕሎማቶች የዴሞክራሲ ግንባታን እንዴት መደገፍ እንደሚችሉ የሚያሳይ ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሦስተኛው እትም በ2013 ወጥቷል። ዋና አዘጋጁ ጄረሚ ኪንስማን ካናዳን በሞስኮ፣ በሮም፣ በለንደንና በብራስልስ የወከሉ አንጋፋ ዲፕሎማት ናቸው። ኩርት ባሲወነርም አብረዋቸው ሠርተዋል። መመሪያው የተዘጋጀው በ2000 ዋርሶ ላይ ለተመሠረተው የዴሞክራሲ አገሮች ማኅበረሰብ ነው። የማኅበረሰቡ ምሥረታ ግንባር ቀደሞች የአሜሪካዋ ማደሊን ኦልብራይትና የፖላንዱ ብሮኒስላቭ ጌሬሜክ ነበሩ።

ለዚህ ሥራ የሚሠለጥን ሰው በቅድሚያ ሕጉን ማወቅ አለበት። የ1961ዱ የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 41 ዲፕሎማት በተቀባዩ አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። በአንቀጽ 9 መሠረት ተቀባዩ አገር ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ ሳይኖርበት ዲፕሎማቱን «አልፈልገውም» ሊል ይችላል። አንቀጽ 3 ደግሞ የአገሩን ሁኔታ በማናቸውም ሕጋዊ መንገድ አጣርቶ ለመንግሥቱ ማሳወቅ የዲፕሎማቱ ሥራ እንደሆነ ይደነግጋል። ከዚህም ሌላ በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲያጸድቅ 48 አገሮች ደግፈውታል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። በዚህ የተነሳ የታሰረን ሰው ሁኔታ መጠየቅ በሰው ቤት ገብቶ እንደ ማዘዝ ሊቆጠር አይገባም። ማንን ምረጡ፣ ማንን ጣሉ ማለት ግን ድንበሩን ማለፍ ነው።

መመሪያው ሙያውን በተግባር ዘርዝሮ ያስተምራል። ማዳመጥና ማክበር ይቀድማሉ። ከዚያ ያዩትን ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ ሪፖርት ማድረግ፣ ከመንግሥት ባለሥልጣናት ጋር በግልጽ መነጋገር፣ የማይገናኙ ወገኖችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ፣ ችሎት መከታተልና ለተጎዱ ሰዎች አጋርነትን በአደባባይ ማሳየት ይከተላሉ። ዲፕሎማት ያለመከሰስ መብት አለው፤ ሌላው ሰው በፍርሃት በሚርቅበት ቦታ እሱ መገኘት ይችላል። ሥልጠናው የሚያስጨብጠው ትልቁ ቁም ነገር ይህን መብት ለማን ጥቅም ማዋል እንደሚገባ ነው።

ቺሌ ጥሩ ማስረጃ ናት። በሐምሌ 1986 በጄኔራል ፒኖቼ ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን፣ ወታደሮች በሳንቲያጎ ሁለት ወጣቶችን ይዘው በእሳት አቃጠሉ። ከሁለቱ አንዱ፣ የ19 ዓመቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሮድሪጎ ሮሃስ፣ ከቀናት በኋላ ሞተ። የአሜሪካው አምባሳደር ሃሪ ባርንስ ከባለቤታቸው ጋር ቀብሩ ላይ ተገኙ። ፖሊስ ለቀስተኛውን በአስለቃሽ ጭስና በውኃ በተነ። አሜሪካዊው ሴናተር ጄሲ ሄልምስም አምባሳደሩን እዚያው ሳንቲያጎ ሆነው በይፋ ነቀፏቸው። ባርንስ ግን ከተቃዋሚዎችና ከመብት ተሟጋቾች ጋር መገናኘታቸውን አላቆሙም። በጥቅምት 1988 የቺሌ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ፒኖቼን «በቃ» አለ። ድሉ የቺሌያውያኑ ነው፤ አምባሳደሩ ያደረጉት ብቻቸውን እንዳልሆኑ ማሳየት ነበር።

የምያንማር ጉዳይ ከዚህ ይወሳሰባል። በግንቦት 2009 አንድ አሜሪካዊ ሐይቅ በዋና አቋርጦ ቤታቸው በመግባቱ፣ የቁም እስረኛዋ የተቃዋሚዎች መሪ አንግ ሳን ሱ ቺ ኢንሴይን እስር ቤት ውስጥ ለፍርድ ቀረቡ። በዝግ ይካሄድ የነበረው ችሎት አንድ ቀን ለሠላሳ ያህል ዲፕሎማቶች ተከፈተ። ተከሳሿ ስለመጡ አመሰገኗቸው። የብሪታንያው አምባሳደር ማርክ ካኒንግ እንደወጡ ያዩትን ለጋዜጠኞች ተናገሩ፤ የተዘጋው ችሎት በዓለም ፊት ታየ። ሆኖም ፍርዱ አልተቀየረም፤ ሱ ቺ ለተጨማሪ 18 ወራት የቁም እስር ተፈረደባቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ እኚሁ ሴት ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ አገራቸው በአናሳው የሮሂንጋ ሕዝብ ላይ የዘር ማጥፋት ፈጽማለች የሚለውን ክስ ተከላከሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ዲፕሎማት ጥብቅና የሚቆመው ለመብቱ እንጂ ለታዋቂው ሰው መሆን የለበትም። ያን ቀን ሱ ቺ የተነፈጉት ፍትሐዊ ዳኝነት ለሮሂንጋው ገበሬም የሚገባ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ነገሩ ሲከር ዲፕሎማቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ያነጋገራቸው ሰዎች ግን እዚያው ይቀራሉ። ከኤምባሲ ጋር መታየታቸው ብቻ «የባዕድ ተላላኪ» ሊያስብላቸው ይችላል። ስለዚህ ለዚያች ደዋይ ትክክለኛው የመጀመሪያ መልስ «መምጣታችን ለባለቤትሽ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? አንቺና ጠበቃው ምን ትላላችሁ?» የሚል ነው። ሰውን ከመርዳት በፊት አለመጉዳት ይቀድማል።

ይህ ትምህርት የምዕራባውያን ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። የአፍሪካ ኅብረት የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተርን ያጸደቀው በጥር 2007 እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ቻርተሩን በጎረቤቶቻቸውና በራሳቸው መንግሥታት ዘንድ በድፍረት የሚያስታውሱ አፍሪካውያን ዲፕሎማቶች ያስፈልጋሉ። የእኛ የዲፕሎማት ማሠልጠኛዎችም ለፕሮቶኮልና ለድርድር የሚሰጡትን ያህል ጊዜ ለዚህ ሙያ ሊሰጡ ይገባል።