ወደ ሶር ፏፏቴ ከመውረዳችሁ በፊት ቁርስ ብሉ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጉዞ ናቸው። ዝናቡ ቆሟል፣ በዓሉ ደርሷል፣ ወጣቱም አዛውንቱም "ሃይኪንግ" ማለት ጀምሯል። እሰየው ነው። አንዲት እህት ደግሞ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "ዶክተር፣ ለጥምቀት ዘመድ ጥየቃ መቱ ልንሄድ ነው። ሶር ፏፏቴን በእግር ሄደን ማየት እንፈልጋለን። አባቴ ግን ስኳር አለባቸው፤ ይችላሉ ወይ?"

መልሴ "አዎ ይችላሉ፣ ግን..." የሚል ነበር። ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለዚህች "ግን" ነው። እኔም የተማርኳት ከመጽሐፍ ሳይሆን እዚያው መንገድ ላይ፣ ደንግጬ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ለማያውቁ። መቱ በግምት 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሶር ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ሶር ወደ ገባ ወንዝ ይገባል (ስሙ ነው፣ አትሳቁ)፣ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይፈጥራል። ፏፏቴው ያለው በበቾ በኩል ነው። እስከ በቾ በመኪና ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ በእግር ነው። መንገዱ መጀመሪያ በማሳና በመንደር ያልፋል፣ መጨረሻው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ታያላችሁ። ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይበቅላል። ፏፏቴውን ከማየታችሁ በፊት ድምፁን ትሰማላችሁ፣ ሲቀርባችሁ ደግሞ ፊታችሁ ይረጥባል። ደስ ሲል!

እንግዲህ ልብ በሉ፤ "ቁልቁል ይወርዳል" ብያለሁ። ተራራ ስትወጡ ድካሙ በጠዋት ይመጣል፤ አቅም ያነሰው ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ያውቀዋል፣ ይመለሳል። ሶር ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መውረዱ ይቀላል፣ ሁሉም ሰው ጎበዝ ይሆናል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ውሃው ዳር ይቀመጣል። ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ስትመለሱ ነው፤ ጉልበት ሲያልቅ፣ ውሃ ሲያልቅ፣ ጸሐይ አናት ላይ ስትሆን። ስለዚህ ሰዓታችሁንም ስንቃችሁንም ለመመለሻው አስቡ። ለመውረድ አንድ ሰዓት ከፈጀባችሁ ለመውጣት ሁለት ያዙለት።

አሁን ወደ ታሪኩ።

መቱ በምሠራበት ጊዜ አንድ የጥር እሑድ ስድስት ሆነን ወረድን። ከመካከላችን አንድ መምህር ነበሩ፤ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው፣ ቀልድ የማይጠፋባቸው ሰው። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ። ጠዋት ላይ "ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ወስጃለሁ" አሉኝ። እኔም ረክቼ ዝም አልኩ። "ቁርስስ በሉ?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ለካ መኪናው እንዳያመልጣቸው ቸኩለው አንድ ሲኒ ቡና ብቻ ነው የጠጡት።

ስንመለስ ዳገቱ መሀል ላይ ጋሼ ዝም አሉ። ቀልደኛ ሰው ዝም ሲል መጠርጠር ነበር፤ እኔ ግን ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩ። ትንሽ ቆይተው ሥር ላይ ተቀመጡ። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" ስላቸው ተቆጡኝ፤ "ተወኝ! አንተ ምን አገባህ!" አሉኝ። በሕይወታቸው እንዲህ ተናግረውኝ አያውቁም። ከኛ አንዱ "ጸሐይ መታቸው" አለ፤ ሌላው ቀስ ብሎ "ውሃው ዳር ተቀምጠው ነበር፣ ጥላ ወጊ እንዳይሆን" አለ። እኔ ሐኪሙ ራሴ ለጥቂት ደቂቃ የማስበው ስለ ልብ ነበር። ከዚያ መድኃኒታቸው ትዝ አለኝ፤ ግሊቤንክላማይድ።

ስኳራቸው ወርዶ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ረሃብ፣ ከዚያ ግራ መጋባትና ያለ ምክንያት መቆጣት፤ ምልክቶቹ ሁሉ ፊቴ ነበሩ። ዕድል ሆኖ ከልጆቹ አንዱ ቦርሳ ውስጥ ግማሽ ሚሪንዳ ተርፋ ነበር። መዋጥ ስለሚችሉ ቀስ እያልን አጠጣናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና ብለው "ምን ሆናችሁ ነው የከበባችሁኝ?" አሉን። ያን ጊዜ ነው እኔም የተነፈስኩት።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አያልቅም፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንን ነው። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ይሠራል። ለስላሳው የጨመረው ስኳር ሲያልቅ መድኃኒቱ ገና እየሠራ ስለሆነ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፣ እንቅልፍ ላይ ሳሉም ጭምር። ስለዚህ በቾ እንደደረስን ምግብ አበላናቸው፣ ከዚያ ሐኪም ቤት አስገብተን ሌሊቱን ሙሉ ስኳራቸው እየተለካ አደሩ። ሌሊት አንዴ ወርዶ ነበር። ቤታቸው ብቻቸውን ቢያድሩ ኖሮ ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

ስኳር ያለባችሁ ቤተሰቦች፣ እንግዲህ ይህን ያዙልኝ። በእግር መሄድ ለናንተ መድኃኒት ነው፤ ጡንቻ ሲሠራ ስኳር ከደም ይወስዳል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል ከወሰዳችሁ መድኃኒቱም እግራችሁም በአንድ ላይ ስኳሩን ያወርዱታል። ሜትፎርሚን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህ ስጋት በጣም ያነሰ ነው። ከጉዞው ጥቂት ቀናት በፊት ሐኪማችሁን "በዚህ ቀን ብዙ ሰዓት እሄዳለሁ" ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠኑን ሊያስተካክልላችሁ ይችላል። በራሳችሁ ግን አትቀንሱ፣ አታቋርጡ። መለኪያ ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ለኩ፤ ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ብሉ፣ ከ300 በላይ ሆኖ የሕመም ስሜት ካለ ቀኑ ይለወጥ። ኢንሱሊን የምትወጉ በዚያ ቀን ጭን ላይ አትውጉ፣ ሆድ ላይ ይሁን፤ የሚሠራ እግር መድኃኒቱን ቶሎ ይመጥጠዋል። ኪሳችሁ ውስጥ (ቦርሳ አላልኩም፣ ቦርሳ ሌላ ሰው ይሸከመዋል) ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር። ከወረደ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ውሰዱ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ካልተሻለ ድገሙ፣ ሲሻል ምግብ ብሉ። "ዳየት" የተባለው ለስላሳ እዚህ ላይ አይጠቅምም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር እንዳታፈሱ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሕክምና አድርሱ።

ለደም ግፊት አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የምትወስዱ ደግሞ፣ እነዚህ መድኃኒቶች የልብ መምታቱንና መንቀጥቀጡን ሊደብቁት ይችላሉ። ላቡን ግን አይደብቁም። ያለ ምክንያት ላብ ሲያጠምቃችሁ ተቀመጡ።

ስንቅን በተመለከተ ኢሉባቦሮችን የማስተምራቸው ነገር የለኝም፤ እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ። የድሮ መንገደኛ ቡናን ከቅቤ ጋር ስንቅ አድርጎ ይሄድ ነበር፤ ቡና ቀላ ዛሬም በየቤቱ አለ። ጭኮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፤ ከታሸገ ብስኩት ሁሉ የተሻሉ ናቸው። የጫካ ማርም አለ፤ ለጋሼ ሚሪንዳው ባይገኝ ኖሮ እሱን ፍለጋ እንሮጥ ነበር። ስለ ማር ካነሳን፣ ዛፎቹ ላይ ቀፎ ታያላችሁ። አትጠጉ፣ ድንጋይ አትወርውሩ። ንብ ነድፏችሁ መላ ሰውነት ካሳከካችሁ፣ ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ አንድ ደቂቃ አትቆዩ፣ ወደ ሕክምና።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል አስቡ፤ ለደርሶ መልሱ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ተኩል ይበቃል። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ ያዙ፣ ዋጋውም ክብደቱም ምንም አይደለም። ከምንጭ መጠጣት የግድ ከሆነ ውሃ አጋር ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በአፋችሁ ጎንበስ ብላችሁ ግን በጭራሽ አትጠጡ! ለምን መሰላችሁ? አልቅት። ትንሽዋ አልቅት ከውሃው ጋር ገብታ አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ትጣበቃለች። አንድ ሰውዬ ለሁለት ሳምንት ነስር አልቆም ብሎት መጣ፤ ስናየው አፍንጫው ውስጥ የምትንቀሳቀስ ጥቁር ነገር አገኘን። እሱ ራሱ አይቶ ሳቀ፣ እኔ ግን የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ልብስ ረጅም ሱሪ ይሁን፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ሳማ አለ፣ ጉንዳን አለ። ጉንዳን ሰልፍ ላይ ቆሞ ሰልፊ የተነሳ ሰው አውቃለሁ፤ ፎቶው ላይ ፊቱን ብታዩት...

ጫማ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያን ቀን መንገድ ያሳየን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በባዶ እግሩ ነበር። እኛ ባለ ጫማዎቹ ስንንሸራተት እሱ እንደ ፍየል ይወርዳል። ቀደነቅነው። ጋሼ ሲያርፉ ግን ተቀምጦ እግሩን ሲያክ አየሁት፤ ጣቶቹ ሥር ቆዳው ወፍሯል፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ትንሽ አብጧል። "ማታ ማታ ያቃጥልሃል?" አልኩት። "አዎ ዶክተር፣ ጠዋት ግን ይሟሽሻል" አለኝ። ይህ ብዙዎቻችን "ዝሆኔ" የምንለው ሕመም መጀመሪያው ነው። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ያለው ቀይ አፈር በጣም ደቃቅ ማዕድን አለው። ለዓመታት በባዶ እግር የረገጠው ሰው ላይ፣ በተለይ በዘር ተጋላጭነት ካለው፣ ማዕድኑ በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳል። ይህን ግንኙነት በ1970ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር አጥንቶ ያሳወቀው ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። መጀመሪያው ላይ ከተደረሰበት ሕክምናው በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በቃ ይኸው ነው። ለልጁ ከመንገድ አሳይ ክፍያው ሌላ አዋጥተን ቦቲ ገዛንለት። ቦቲውን የገዛነው ተደስተን ነው፤ እንዲታጠብ ማሳመኑ ግን ሦስት ቀጠሮ ፈጀ።

እናንተ በአንድ ቀን ጉዞ ዝሆኔ አይዛችሁም፣ አትስጉ። ፏፏቴው አካባቢ ቀን ላይ የምትነክሰው ትንሽ ጥቁር ዝንብም ለአንድ ቀን እንግዳ ብዙ አታሰጋም፤ ለነዋሪው ግን የኦንኮሰርሲያሲስ ምንጭ ስለሆነች በየመንደሩ የሚታደለውን መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋል። ወባ ግን ለእንግዳም ነው። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላም ሆነ ከወር በኋላ ትኩሳት ከመጣ "ብርድ ነው" አትበሉ፣ ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ዳገቱ ለከበደው ሰው ጎሬ አለች። ከ2,000 ሜትር በላይ፣ አምባው ጫፍ ላይ የተቀመጠች ጥንታዊ ከተማ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በ1928 እና 29 ራስ እምሩ የመሩት ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ በከተማዋ ዙሪያ ሜዳ ሜዳውን መሄድ ይቻላል፤ ለጉልበት ሕመምተኛም ይስማማል። ያዩ በኩል ደግሞ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የዱር ቡና ጫካ አለ። በነገራችን ላይ "ከፍታው ያሳምመናል ወይ?" ለምትሉ፣ የከፍታ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ዳሽንና ሰነቴ ለምትሄዱ እንጂ እዚህ አያሳስብም።

ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቢሆን እመርጣለሁ። መስከረም ላይ ውሃው ይበልጥ ይሞላል፣ ግን ጭቃው አጥንት ይሰብራል። ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ከነዋሪው ጠይቁ፣ መንገድ የሚያሳይ ሰው ያዙ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቤት ላለ ሰው ንገሩ፤ ጫካው ውስጥ ኔትወርክን አትመኑ። ጫካ ውስጥ ጸሐይ ሳትጠልቅም ስለሚጨልም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መውጣት ጀምሩ።

እና እህቴ፣ አባትሽ ይሂዱ። ግን ከመሄዳቸው በፊት ቤት አካባቢ ዳገት እያወሩ ለግማሽ ሰዓት ይሞክሩ፤ ማውራት ካቃታቸው ወይም ደረታቸውን ከያዛቸው መጀመሪያ ይመርመሩ። ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ስሙን ላኪልኝ። በዚያ ቀን በቾ ላይ ቁጭ ብለው ቁርስ ይብሉ፣ አንቺም አጠገባቸው ሆነሽ ሲበሉ እዪ። ከዘራ ይያዙ። ሲወጡ ከኋላቸው ሁኚ፣ ቀልዳቸውን ሲያቆሙ ከረሜላውን አውጪ።

ጋሼ በሚቀጥለው ዓመት አብረውን ወርደዋል። ጠዋት መኪና ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ያሳዩኝ ግማሽ የተበላ ዳቦ ነበር፤ "ዶክተር፣ ማስረጃ ይዤ መጥቻለሁ" አሉኝ።