አእምሮው የታወከ ሰው ያደረሰው ጉዳት በማን ላይ ይወድቃል?

በየቤታችን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ የልጅ ወይም የወንድም አእምሮ መታወክ ነው። ሕመሙ ራሱ ከባድ ሆኖ ሳለ፣ ሕመምተኛው ከቤት ወጥቶ ጎረቤትን የጐዳ እንደ ሆነ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ዘመዶቹ «ዕብድ ነውና ሕግ አይጠይቀውም» ይላሉ። የተጐዳው ደግሞ «እርሱም ይታሰር፤ ቤተ ሰቡም ይክፈል» ይላል። እኛም የአገራችንን ሕግ ብንመረምር በሁለቱም ንግግር ውስጥ እውነቱ እኩሌታው ብቻ ሆኖ ስላገኘነው ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን።

ለምሳሌ፣ አእምሮው ታውኮ የሚኖር አንድ ጐልማሳ በሌሊት ወጥቶ የጎረቤቱን የጤፍ ክምር አቃጠለ እንበል። ዳኛው ማን እንዳቃጠለ ካወቀ በኋላ፣ ሰውዬው በዚያች ሰዓት የሚሠራውን ያውቅ ነበርን፤ ቢያውቅስ ራሱን ለመግታት ይችል ነበርን ብሎ ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ48ኛው አንቀጽ እንደሚለው፣ በሕመም፣ በእድገት መዘግየት፣ በአእምሮ መዳከም ወይም ይህን በመሰለ ምክንያት የሥራውን ጠባይና ውጤት ለመረዳት፣ ወይም እንደ ተረዳው ራሱን ለመምራት ያልቻለ ሰው በወንጀል ኀላፊ አይሆንም። ማስተዋሉ ጐድሎ ጨርሶ ያልጠፋ እንደ ሆነ ግን 49ኛው አንቀጽ ቅጣቱን ያቀልለታል እንጂ አይተውለትም። ይህም ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄድ ነበር።

አንባቢ «በዚያች ሰዓት» የሚለውን ቃል ልብ ይበል። አምና ታሞ ነበር ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት የታየበት፣ መስማትና መናገር የተሳነው፣ ወይም ሥር የሰደደ የመጠጥ ልማድ ያለበት እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ የዐዋቂ ምርመራ ያዝዛል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም እንዲህ ያለ ምርመራ ይደረግበታል። ሐኪሙ የሕመሙን ነገር ይናገራል፤ ከዚያ ተነሥቶ ሰውዬው ኀላፊ ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ ግን የዳኛው ፈንታ ነው።

እዚህ ላይ የቤተ ሰብ ነገር ያሳዝነናል። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣበት፣ በየትኛው ጠበል ወይም ሐኪም ቤት እንደ ቆየ ከእናትና ከእኅት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ስለ ኀፍረት፣ ወይም የሌሎቹ ልጆች ጋብቻ እንዳይበላሽ ተብሎ፣ ሁሉ ይደበቃል። ክስ የመጣ ዕለት ግን የተደበቀው ሕመም ምስክር ይታጣለታል።

ኀላፊ አይደለም የተባለውም ሰው ሁልጊዜ ወደ ቤቱ አይመለስም። ለሕዝብ ወይም አብረውት ለሚኖሩት የሚያሰጋ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ በተገቢ ስፍራ ተጠብቆ እንዲታከም ያዝዛል። የዚህም ጊዜ አስቀድሞ አይወሰንም፤ በየ2 ዓመቱ እንደ ገና ይመረመራል።

ሰካራሙ ደስ አይበለው። ወንጀል ለመሥራት አስቦ ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ ሊያመካኝ እንደማይችል 50ኛው አንቀጽ ይናገራል፤ በቸልተኝነት የሰከረም በቸልተኝነቱ ሊጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ጤፉ ባለቤት እንመለስ። እርሱ የዓመት ቀለቡን አጥቷል፤ አቃጣዩ ታመመ ተብሎ ልጆቹ ጦማቸውን አያድሩም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ካሣ ሲናገር፣ ጥፋት መሥራቱ የሚመዘነው የአጥፊው ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ ሳይታይ ነው ይላል። ስለዚህ በወንጀል ያልተቀጣው ሕመምተኛ ከንብረቱ ካሣ ሊከፍል ይችላል። ነገር ግን 2099ኛው አንቀጽ ለዳኛው በር ከፍቶለታል፤ የሥራውን ክፋት ለመረዳት ያልቻለ ሰው የሚከፍለውን ካሣ ርትዕ ሲያስገድድ፣ የሁለቱን ወገን ሀብትና የዕዳውን ክብደት ተመልክቶ ለመቀነስ ይችላል። ይህ አንቀጽ ሽማግሌዎቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከሚያደርጉት ብዙም የራቀ አይመስለንም። ወንድምስ? አባት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ ስላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ወንድም ግን ስለ ጐልማሳ ወንድሙ በዝምድና ብቻ ዕዳ አይወርድበትም፤ የራሱ ጥፋት ካለ በራሱ ጥፋት ይጠየቃል።

ሌላው ችግር የውል ነገር ነው። ያው ሕመምተኛ ሁለት በሬዎቹን በአንድ ፍየል ዋጋ ሸጠ እንበል። ሕጉ «ዕብደቱ በግልጽ የታወቀ» የሚለው በአእምሮ ሕመም ምክንያት በሆስፒታል ተኝቶ ያለውን ነው። ከ2,000 ሰው በታች በሚኖርበት ቀበሌ ግን ቤተ ሰቡ የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የከለከለው ሰው እንደዚሁ ይቈጠራል። እንዲህ ያለው ሰው የገባውን ውል እርሱ ራሱ፣ ወኪሉ ወይም ወራሹ ሊያፈርሰው ይችላል። ሕመሙ ያልታወቀ ሰው ግን ውሉን ሲገባ ፈቃዱ የተሟላ እንዳልነበረ ማስረዳት አለበት፤ ይህም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሕመሙ የጸና እንደ ሆነ ሕመምተኛው ራሱ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ዘመድ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት አመልክቶ በፍርድ እንዲከለከልና ሞግዚት እንዲሾምለት ለመጠየቅ ይቻላል። መከልከሉ ለሕመምተኛው ጤናና ጥቅም መሆን አለበት፤ ርስቱን የሚመኙ ወንድሞች በዚህ እንዳይጠቀሙበት ዳኛው ነቅቶ ሊያይ ይገባል።

ስለ አካል ጉዳት ግን ሕጉ ሌላ ነው። ዐይነ ስውር፣ መስማትና መናገር የተሳነው፣ ወይም በማይድን ድካም ራሱን ለመርዳት ያልቻለ ሰው ይህን ጥበቃ ለጥቅሙ ሊጠይቅ ይችላል፤ ካልጠየቀ ግን ማንም እንደ ሕፃን ሊያየው አይገባም። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሕግ ፊት ያላቸው ችሎታ ከሌላው ሰው ጋር እኩል መሆኑን ይናገራል። በ1728ኛው አንቀጽ ግን የዐይነ ስውር ፊርማ በሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህ ማንበብ ላልቻለው ጋሻ ነው፤ ተምሮ በራሱ መሣሪያ ለሚያነብ ዐይነ ስውር ግን በየውሉ ምስክር ፍለጋ መንከራተት እንደሚያስቈጣው እናምናለን።