ራሱን የሚጠራጠር ፕሮሰሰር

ፕሮሰሰር ስሌት እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል፤ እሱን ልለፈው። ብዙ ሰው የማያምነው ጤነኛ ፕሮሰሰርም እንደሚሳሳት ነው።

ደሴ፣ ገራዶ አንድ ኮምፒውተር ቤት ማመልከቻ ሳስጽፍ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ። ልጁ ቀና እንኳ ሳይል «ቫይረስ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። እኛ ዘንድ ጥፋት ሁሉ ወይ የቫይረስ ነው ወይ የመብራት። ከህዋ የሚመጣ ጨረርም ፕሮሰሰሩ ውስጥ አንዷን 0 ገልብጦ 1 ሊያደርጋት እንደሚችል ስነግረው ሳቀብኝ። የዚያን ቀን ጥፋተኛው ጨረሩ ነው አልልም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ጨረሩ አየሩን ሲመታ ኒውትሮኖች ይረግፋሉ፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ደግሞ የሚያግዳቸው አየር ይሳሳል። 2,500 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠችው ደሴ ከአሰብ ወደብ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኒውትሮን ይደርሳታል።

መፍትሔው ላይ እኔን የሚገርመኝ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ጂ5 ፕሮሰሰር ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ ሁለት መንታ ክፍሎች እኩል ይሠሩታል። ውጤታቸው ከተስማማ በተጠበቀ ቦታ ይመዘገባል። ካልተስማማ የትኛው ተሳሳተ ተብሎ ጊዜ አይባክንም፤ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ጥሎ መጨረሻ ወደ ተስማሙበት ይመለስና ከዚያ እንደገና ይሠራል። የገለበጠችው ቅንጣት አልፋ ሄዳለችና በሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይሰምራል። ባንክ ቤት ገንዘብ የሚያስተላልፈው ደንበኛ ይህ ሁሉ ሲሆን አያውቅም። በድጋሚውም እንቢ ካለ ሥራው ካለበት ሳይቋረጥ ወደ ተጠባባቂ ፕሮሰሰር ይዛወራል።

ሁለቱ ሲለያዩ መለያየታቸው እንጂ ጥፋተኛው አይታወቅም፤ አየር ላይ ደግሞ ስሕተቱ ቋሚ ከሆነ መድገም ብቻ አያዋጣም። እዚህ ላይ ሦስተኛ ሽማግሌ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 777 ሦስት ዋና የበረራ ኮምፒውተሮች አሉት፤ በእያንዳንዱም ውስጥ የኢንቴል፣ የሞቶሮላና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ቢሆኑ ኖሮ በንድፉ ላይ የተደበቀ አንድ ጉድለት ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያሳስታቸው ነበር።

የቢሯችንም ኮምፒውተር ቢሆን ብዙ ጊዜ ያገኘውን የሃርድዌር ስሕተት መዝግቦ ያስቀምጣል። ጠጋኞቻችን ግን መዝገቡን ሳይከፍቱ ፎርማት ያደርጋሉ! አንዳንዴ ብቅ የምትል የታረመች ስሕተት አታስደነግጥም። በየቀኑ ከተመላለሰች ግን ምናልባት ዕቃው አርጅቷል ወይም ግሏል፤ ያንን ፎርማት አያድነውም። ቢያንስ መጀመሪያ የማራገቢያውን አቧራ አራግፉለት።