የመኪና ቁመትና የዋግ መንገድ

በከተሞቻችን ጐዳናዎች የሚተላለፉትን ትንንሽ የቤት መኪናዎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ሁሉም ከፋብሪካ በወጡበት ቁመት እንዳልቆሙ ይገነዘባል። አንዱ ወጣት ሞላውን አሳጥሮ መኪናውን ከአስፋልቱ ጋር ሊያጣብቀው ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ከሞላው ሥር ጎማ ወይም ብረት አስገብቶ እንደ ላንድ ክሩዘር ከፍ ብሎ ሊታይ ይሻል። ሁለቱም ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ሁለቱም በጓደኞቻቸው ዘንድ ይደነቃሉ። ነገር ግን «ይህ መኪና የሚሄድበት መንገድ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣቶች በሥራ ምክንያት ወደየክፍለ ሀገሩ ይበተናሉ። ከእነርሱም አንዳንዱ መኪናውን ይዞ ወደ ሰቆጣ፥ ከዚያም አልፎ ወደ አምደ ወርቅ ወይም ወደ ተከዜ ቈላ ይዘልቃል። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ያማረው ቁመት በዋግ ዳገትና ቁልቁለት ምን ዕዳ እንደሚያመጣ፥ ዕዳውንም ከባለመኪናው ሌላ ማን እንደሚከፍለው ማወቅ ይገባል።

ሞላና አሞርዛተር

የመኪና ክብደት በጎማዎቹ ላይ በቀጥታ አያርፍም። በጭነት መኪናና በፒክአፕ የኋላ እግር ላይ ባሌስትራ፥ በቤት መኪናዎች ዘንድ ደግሞ የተጠመዘዘው ሞላ በመካከል ሆኖ ይሸከመዋል። ባሌስትራ፥ አሞርዛተር፥ ቸርኬ፥ ማርሚታ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ ወደ ጋራዦቻችን ገብተው እንደ ቤተኛ የተቀመጡ ናቸው።

የሞላ ሥራ ምትን መቀበል ነው፤ ነገር ግን የተቀበለውን መልሶ ይሰጣል። ሞላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ፥ መኪናው አንድ ጕድጓድ ካለፈ በኋላ እንደ ኳስ ሲነጥር ይቈይ ነበር። ይህን ንጥረት የሚያበርደው አሞርዛተር ነው። በውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስቶኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ የንጥረቱን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ ረጅም ኮረኮንች የተጓዘ መኪና አሞርዛተሩ በእጅ ቢነካ ያቃጥላል። ዘይቱ እጅግ ሲግልና አረፋ ሲሆን የማብረድ ኃይሉ ይደክማል፤ ጎማውም መሬቱን በሚገባ መጨበጥ ይሳነዋል።

የሚስተካከል አሞርዛተር የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመዘውር የዘይቱን መተላለፊያ እያጠበበና እያሰፋ ጥንካሬውን የሚለውጥ ነው። ሁለተኛው በአካሉ ላይ ጥርስ ወጥቶለት የሞላው መቀመጫ እየተጠመዘዘ ከፍና ዝቅ የሚልበት ነው። የመጀመሪያው ጠባይን፥ ሁለተኛው ቁመትን ያስተካክላል። ብዙ ሰው ሁለቱን ስለሚያደባልቅ፥ ቁመት ቀንሶ ጠባዩን ሳያርም መንገድ ይወጣል።

ዝቅ ማለት ምን ይጠቅማል?

መኪናን ዝቅ ማድረግ በራሱ ሞኝነት አይደለም። መኪና በመታጠፊያ ላይ የሚገለበጠው የክብደቱ ማዕከል ከፍ ሲል ነው። መሐንዲሶች የግራና የቀኝ ጎማዎችን ርቀት በክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ አካፍለው መኪናው በመሬት ላይ ያለውን ጽናት ይገምታሉ። ለምሳሌ የጎማዎቹ ርቀት 1.46 ሜትር፥ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 53 ሣንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.38 ያህል ነው። 4 ሣንቲ ሜትር ዝቅ ብናደርገው ወደ 1.49 ያድጋል። በእሽቅድምድም ሜዳ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ትውልድ ያላቸው ወጣቶች በ1940ዎቹ ዓመታት (በአውሮፓ አቈጣጠር) በመኪናቸው የኋላ ሣጥን የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ ዝቅ ብለው በዝግታ መንሸራሸርን የክብር ምልክት አደረጉት። የካሊፎርኒያ መንግሥት ከጥር 1 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ በታች የወረደ አካል ያለው መኪና በመንገድ እንዳይሄድ በሕግ ከለከለ። በ1959 እ.ኤ.አ. ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት ለአውሮፕላን የተሠሩ የዘይት ፓምፖችን በመኪናው ላይ ገጥሞ፥ ሲፈልግ ዝቅ፥ ፖሊስ ሲያይ ከፍ የሚል መኪና ሠራ። ክልከላው የተነሣው ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። ፈረንሳዮቹ ደግሞ በ1955 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሲትሮኤን ዲ ኤስ መኪና፥ ፖል ማዤስ በፈለሰፈው የዘይትና የጋዝ ሞላ አማካይነት ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሣ ቁመቱን እንዲለውጥ አስችለው ነበር። አጊሬም ሆነ ማዤስ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ዝቅ ያለው መኪና መንገዱ ሲከፋ መነሣት እንዲችል።

የማይታየው ዕዳ

ሞላው ያጠረ መኪና መነሣት አይችልም። በደኅናው ጊዜ ጎማው ወደ ላይ የሚወጣበት 8 ሣንቲ ሜትር ቦታ ነበረው እንበል። 4 ሣንቲ ሜትር ዝቅ ሲል የሚቀረው 4 ብቻ ነው። ያንኑ ምት በግማሽ ቦታ ለመቀበል ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር አለበት፤ ሞላ የሚቀበለው ኃይል በርዝመቱ ካሬ ልክ የሚያድግ ነውና። አራት እጥፍ የጠነከረ ሞላ ያለው መኪና ደግሞ ንጥረቱ በሁለት እጥፍ ይፈጥናል፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይነሣና ይወርድ የነበረው ሁለት ጊዜ ይሆናል። የሰው አካል እጅግ የሚጐዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚመላለስ ንቅናቄ ስለ ሆነ፥ መኪናው ወደዚያ በቀረበ መጠን ወገብና ሆድ ይታመማል። በገበያ የሚሸጡት አጫጭር ሞላዎች ግን አራት እጥፍ ቀርቶ እጥፍ እንኳ አይጠነክሩም። ስለዚህ ጕድጓድ ሲያገኙ ከማቆሚያው ጎማ ጋር ይጋጫሉ፤ ምቱም በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይተላለፋል።

ከዚህ የባሰው ሞላን በመጋዝ መቍረጥ ነው። ስምንት ጥምዝ የነበረው ሞላ ስድስት ሲቀር ጥንካሬው በሲሶ ይጨምራል፤ ይህ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የተቈረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በደንብ አይገጥምም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከስፍራው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አግሎ ማሳጠርም የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል፤ አንዱ ወገን ከሌላው በላይ ይወርዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ መኪናው ዝቅ ሲል ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ አላይመንቱ እንደገና ካልተስተካከለ የጎማው የውስጥ ጠርዝ በአጭር ጊዜ ተበልቶ ያልቃል።

ወደ ሰቆጣ ስንወጣ

አሁን ይህን መኪና ወደ ዋግ እናውጣው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያጠራቀመው ሐይቅ ለአካባቢው ወጣቶች የዓሣ ሥራ አስገኝቶላቸዋል። ያ ዓሣ ሳይበላሽ ወደ ገበያ የሚደርሰው በጠጠር መንገድ ዳገቱን ወጥቶ ነው።

ትንንሽ የቤት መኪናዎች ከመሬት ያላቸው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 17 ሣንቲ ሜትር ነው። የእኛን ምሳሌ 15 እናድርገው። 4 ለማማር ቀነስን፤ አምስት ሰውና ዕቃ ሲጫንበት የኋላው 5 ያህል ይወርዳል። የቀረው 6 ነው። ጐርፍ ጠርጎ መንገድ ላይ የጣለው የጡጫ ያህል ድንጋይ ማርሚታውን ለመገንጠል ይበቃል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ፊቱ ይደፋል፤ ያን ጊዜ የሚመታው የሞተሩ ዘይት ያለበት ኮፓ ነው። ኮፓው ከተቀደደና ዘይቱ ከፈሰሰ መኪናው በዚያው ይቆማል።

ጕዳቱም የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በጠባብ የተራራ መንገድ የቆመ መኪና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል። እህል የጫነው አይሱዙ፥ ዓሣ የያዘው ፒክአፕ፥ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚወስደው አምቡላንስ በአንድ ወጣት ጌጥ ምክንያት ሊሰለፉ ይችላሉ። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ መንግሥት የገባው ቃል በዚህችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ መጠራቱን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። መድኃኒቱም፥ አልሚ ምግቡም፥ ባለሙያውም ወደ መንደር የሚደርሱት በዚሁ መንገድ ነው።

ከፍ ማለትም ዕዳ አለበት

«እንግዲያውስ ከፍ እናድርገው» የሚል ይኖራል። ከፍታ ለድንጋዩ መፍትሔ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ያንኑ መኪና 5 ሣንቲ ሜትር ከፍ ብናደርገው 1.38 የነበረው ጽናት ወደ 1.26 ይወርዳል። የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፤ ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ከተፈቀደለት በላይ ይታጠፋል፤ መሪውም ጠባዩን ይለውጣል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የጣሪያ ጭነት ነው። 1050 ኪሎ በሚመዝን መኪና ጣሪያ ላይ አንድ ኩንታል ቢጫን፥ የክብደት ማዕከሉ ወደ 10 ሣንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ይኸውም አንዲት ኩንታል በጣሪያ ላይ መጫን፥ መኪናውን በሞላ ከፍ ከማድረግ እጥፍ ያህል የሚያስፈራ ነው ማለት ነው።

ይህን የዋግ ሲራራ ነጋዴዎች ያለ ስሌት ያውቁት ነበር። በአሞሌ ዘመን ሰቆጣ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የተቈረጠው ጨው በጭነት ከብት ጀርባ ዳገቱን ወጥቶ ይደርስባት ነበር። ጭነት አዋቂ የሆነ ሰው በግራና በቀኝ አመዛዝኖ፥ ዝቅ አድርጎና አጥብቆ ይጭናል እንጂ በኮርቻው ላይ አይቈልልም። በገደል ጥግ የተቈለለ ጭነት በቅሎዋን ይዞ እንደሚወርድ ያውቃልና። የበቅሎዋን እግር ግን ለማሳጠርም ለማስረዘምም የሞከረ አልነበረም።

ምን ይደረግ?

ወደ ዋግ ለሚሄድ ወጣት ሠራተኛ ምክራችን አጭር ነው። አንደኛ፥ በፋብሪካው ቁመት ይሂድ፤ ያረጀ ሞላና ያፈሰሰ አሞርዛተር ካለው ግን ያድስ፤ ብዙ ጊዜ «ዝቅ ብሏል» የምንለው መኪና ሞላው የደከመ ነው። ሁለተኛ፥ ጭነቱን ከጣሪያ ያውርድ፤ ይቀንስም። ሦስተኛ፥ ከኮፓው በታች የብረት መከላከያ ያስገጥም። አራተኛ፥ ቁመት መለወጥ የግድ ከሆነበት ሞላውን፥ አሞርዛተሩን፥ የፍሬን ቱቦውንና አላይመንቱን አንድ ላይ እንጂ አንዱን ለይቶ አይለውጥ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፥ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681/2002 የዓመት ምርመራን የደነገገው ቦሎ ለመለጠፍ ብቻ እንዳልሆነም ያስብ። ያለ ችግር መኪናን ማሳጠርም ሆነ ማስረዘም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ለወጣት ሹማምንት ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። ከፍ ባለ መኪና የተቀመጠ ሹም ጕድጓዱን አያየውም፤ ጥሩ አሞርዛተር ድንጋዩን ያስረሳዋል። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣ ወደ ገበያ የምትሄደው እናት ግን እያንዳንዱን ድንጋይ በወገቧ ትቈጥረዋለች። መኪናችንን ከፍ ለማድረግ የምናወጣው ገንዘብ የሚያድነው አንድ መኪና ነው፤ የተዘጋ የጐርፍ ቦይ ከክረምት በፊት ቢጠረግና የተሸረሸረ መታጠፊያ ቢሞላ ግን በዚያ የሚያልፍ ሁሉ፥ ዝቅ ያለውም ከፍ ያለውም፥ ይድናል። እንግዲህ ከፍ መደረግ የሚገባው መንገዱ ነው።