ኮድ 3 አማ፣ ኮድ 3 ኢት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሚወስደው አውራ ጎዳና የአማኑኤልን ከተማ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። ጎጃም ባቡር አልገባላትም። የማቻከል ወረዳ እህልና ድንች የሚወጣውም፣ ማዳበሪያና ሲሚንቶ የሚገባውም በጭነት መኪና ነው። ባቡር ባለበት አገር ጭነትን በፉርጎው ላይ ከተጻፈው ምልክት ይለዩታል፤ እዚህ ያለን ምልክት ሰሌዳ ነው።

ለዓመታት የለመድነው ሰሌዳ የአገልግሎት ኮድ፣ የክልል መለያና ተራ ቁጥር ይይዛል። ኮድ 1 ታክሲ ነው፣ ጽሑፉም ቀይ። ኮድ 2 የግል፣ ሰማያዊ። ኮድ 3 የንግድ፣ አረንጓዴ። ኮድ 4 የመንግሥት፣ ጥቁር። ኮድ 5 ደግሞ የሃይማኖትና የእርዳታ ድርጅቶች፣ ብርቱካናማ። ቁጥሩ ገና ሳይነበብ ቀለሙ የመኪናውን ሥራ ከሩቅ ይናገራል።

የጭነት መኪና ነገር ያለው አረንጓዴው ላይ ነው። ከኮዱ ጋር «አማ» የሚል ካለበት የአማራ ክልል የመዘገበው ነው፤ ከገጠር ቀበሌ እህል ለቅሞ ገበያ የሚያደርሰው አይሱዙ ብዙ ጊዜ ይህን ይይዛል። «ኢት» የሚለው የፌዴራል ምዝገባ ነው፤ የዓባይን በረሃ የሚወርዱትና እስከ ጅቡቲ የሚዘልቁት ከባድ መኪኖች በአብዛኛው በዚህ ይታወቃሉ። ተሳቢም የራሱ ሰሌዳ አለው። የአደጋ ወይም የኮንትሮባንድ ዜና ሲነገር የመኪናው ቁጥር ከተጠራ በኋላ የተሳቢው ለብቻው የሚጠራው ለዚህ ነው፤ ተሳቢው ተፈትቶ በሌላ መኪና ሊጎተት ይችላል። መንግሥት ይህን ሰሌዳ የክልል መለያ በሌለው ወጥ አገር አቀፍ ሰሌዳ እንደሚተካ አስታውቋል፤ ያን ጊዜ «አማ» እና «ኢት» የሚለው ልዩነት ከመንገድ ይጠፋል።

ሰሌዳው ግን አንድ ትልቅ ነገር ይደብቃል። የመኪናውን አካል አይናገርም። ነዳጅ የያዘውም፣ አሸዋ የሚደፋውም፣ ጤፍ የጫነውም ሁሉም ኮድ 3 ናቸው። ይህን ጉድለት የሞላው ሕዝቡ ራሱ ነው፦ ቦቴ፣ ገልባጭ፣ ተሳቢ፣ ሎቤድ እያለ። ደላላውም ጫኝና አውራጁም የሚግባቡት በእነዚህ ስሞች ነው። «ገልባጭ ፈልግልኝ» ለተባለ ደላላ የሰሌዳው ኮድ አንዳች አይጠቅመውም።

ባቡር ነገሩን የያዘው ከሌላኛው ጫፍ ነው። በአሜሪካ የቆየው የፉርጎ ምደባ የሚጀምረው ከአካሉ ነው፦ ኤክስኤም ጣራና በር ያለው ተራ ፉርጎ፣ ኤፍኤም ጠፍጣፋ፣ ቲኤም ቦቴ፣ ኤልኦ ደግሞ ከላይ የተሸፈነ፣ እህሉን ከታች የሚያራግፍ። ባለቤቱ የሚታወቀው በጎኑ ላይ በተጻፉት ፊደሎች ነው፤ መጨረሻቸው ኤክስ ከሆነ ፉርጎው የባቡር ድርጅት ንብረት አይደለም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ፉርጎዎች የመጡባት ቻይናም የምትሰይመው በአካል ነው፦ ሲ ክፍት፣ ፒ ጣራ ያለው፣ ኤንኤክስ ኮንቴይነር የሚሸከም፣ ጂ ቦቴ። ከፊደሉ ቀጥሎ 70 ቢጻፍ ወደ 70 ቶን ገደማ ይጭናል ማለት ነው።

ትንንሽ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች እነዚህን ፊደሎች አጥብቀው የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ለእያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ ያዘጋጃሉ፤ የእህል ጎተራ ባለበት ጣቢያ ኤልኦ ይልካሉ እንጂ ጠፍጣፋ አይልኩም። ኮዱ ጨዋታውን ሥራ ያደርገዋል።

በእኛም አገር ከዘይት ጣሳና ከሽቦ አይሱዙ የሚሠሩ፣ በቆርኪ ጎማ የሚገጥሙ ልጆች ሞልተዋል። ካሶኒውን ሲያሳምሩት ያስደንቃሉ፤ ሰሌዳውን ግን ባዶ ይተዉታል። በነጭ ካርቶን ላይ በአረንጓዴ 3 ጽፈው «አማ» ቢጨምሩበት፣ ለተሳቢውም የራሱን ቁጥር ቢሰጡት መኪናው የት እንደተመዘገበና ምን እንደሚሠራ ይታወቃል።