ለሁለት ቀን መንገድ የሚታሰር ስንቅ



በዕለተ ትንሣኤ ስለ ተደረገ አንድ አጭር ጉዞ ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 24 ጽፎልናል። ሁለት ደቀ መዛሙርት ከኢየሩሳሌም ተነሥተው 60 ምዕራፍ ያህል ወደምትርቀው ኤማሁስ ሄዱ፤ በዛሬው መለኪያ 11 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። በመንገድ ላይ ማንነቱን ያላወቁት ሦስተኛ ሰው ተቀላቀላቸው። ቀኑ በመምሸቱ አብሯቸው እንዲያድር ግድ አሉት፤ በማዕድ ሳሉም ማን እንደሆነ ዐወቁ፤ ወዲያውም ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ለመንገዳቸው ምን ስንቅ እንደያዙ ወንጌላዊው አልነገረንም። ለሦስተኛው ሰው ግን ቦታ አላጡም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ስግደትም የለም፤ ክረምቱም ገና አልገባም። በመሆኑም በከተማ የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች ቅዳሜ ማለዳ ወጥተው እሑድ ማምሻውን የሚመለሱባቸውን አጫጭር ጉዞዎች የሚያዘጋጁት በዚህ ወቅት ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ገሚሱ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ዘልቆ ይዝናናል፤ ገሚሱ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ወደ አዳዲ ማርያም ሄዶ ይሳለማል፤ ብዙው ደግሞ ሁለቱን አዳብሎ ይመለሳል። መሳለምና መዝናናት አይገናኙም የሚሉ ወገኖች መኖራቸውን እናውቃለን። እኛ ግን ልጆቹን በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ እያሳየ ወደ ገዳም የሚያደርስ አባት የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየንም። ጭላዳ በዓለም ላይ ከሀገራችን በቀር በዱር የማይገኝ ፍጥረት ነው። ኑሮውም ሣር እየነጨ በመሆኑ ዳቦና ብስኩት እንዳይወረወርለት ልጆችን መምከር ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ስለ ጓዙ ነው። ምክንያቱም በጓዝ የተነሣ አንድ በደል ፈጽመናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እንዲሁ በበዓለ ሃምሳ፣ ከጎረቤታችን ቤተሰብ ጋር ሆነን ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሄድ ሚኒባስ ተከራየን። ተጓዡ ከሕፃናቱ ጋር 11 ነበር፤ መቀመጫው ለሁሉም ይበቃል። ዕቃው መጫን ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። የጋዝ ምድጃ ገባ፤ ጋዙ ቢያልቅስ ተብሎ ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል ተጨመረ። ሁለት ፍራሽ፣ ታጣፊ ወንበሮች፣ አንድ ሣጥን ለስላሳ መጠጥ፣ በረዶ የተሞላ ማቀዝቀዣ፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን አራት አራት ቅያሪ ልብስ ተከተለ። ጓዙ የኋለኛውን መቀመጫ ሁሉ ያዘው። ልጆቹን በጉልበታችን ላይ ብናደርግም አንድ ሰው ተረፈ።

የተረፉት እናታችን ነበሩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከደጃፍ ቆመው የጭነቱን ሥራ ሲመለከቱ ቆይተዋል። በኋላም፣ «ቤቱም ባዶ መዋል የለበትም፤ እኔ እጠብቃለሁ፤ እናንተ በሰላም ደርሳችሁ ተመለሱ» አሉ። ከዚያም በወረቀት የተጠቀለለ ጧፍና ዕጣን አውጥተው፣ «ስለቴን አድርሱልኝ» በማለት አስጨበጡን። ከልባቸው እንዳልነበረ እናውቃለን። ነገር ግን ንግግራቸው ስለተመቸን አመንናቸው።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል እንደሚተርከው፣ ጻድቁ ለአገልግሎት በተጠሩ ጊዜ ሀብታቸውን ለድሆች መጽውተው፣ የቤታቸውን በር እንደተከፈተ ትተው ወጥተዋል። እኛ ደግሞ የእኚህን ጻድቅ ገዳም ለመሳለም ስንሄድ እናታችንን የቤት ዘበኛ አድርገን ሄድን። ይህ የታሰበን ሱሉልታን ካለፍን በኋላ ነው፤ ጥቅሉ በእጃችን ነበረና። ማንም ግን «እንመለስ» አላለም።

ያ ሁሉ ጓዝ ምን ጠቀመ? ከሰሉ ሳይፈታ ተመለሰ። ከልጆቹ ቅያሪ አብዛኛው ከሻንጣው አልወጣም። በሙቅ ድስት የተጫነው ዶሮ ወጥ በማግሥቱ ሲከፈት ጠረኑ ተለውጦ ስለነበር ተደፋ። ቅዳሜን የዋልነው ዕቃ በማውረድና በመጠበቅ ነው፤ ወደ ዋሻው የወጣነውም ግማሾቻችን ብቻ ነን። እሑድ ማታ ቤት ስንደርስ እናታችን ጠበሉን ተቀብለው፣ «ጧፉ በራ?» ብለው ብቻ ጠየቁን።

በተከታዩ ዓመት ጓዙን ያሰሩት እርሳቸው ናቸው። አሠራራቸውን ለአንባብያን ማካፈል የፈለግነውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የቆጠሩት ዕቃን ሳይሆን ማዕድን ነው። ቅዳሜ ምሳ፣ ቅዳሜ እራት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፤ ሦስት ማዕድ ብቻ። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው ደግሞ አስቀድሞ 18 ሰዓት ስለሚጾም የቅዳሜው እራት ከእርሱ ሂሳብ ይቀነሳል። ጠበል የሚጠጣም ሰው በባዶ ሆዱ ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ለአንድ ሳምንት ይበቃ የነበረው ምግብ በአንድ አገልግልና በአንድ ከረጢት ተጠቃለለ። በአገልግሉ ውስጥ የቋንጣ ፍርፍር፣ የተቀቀለ ዕንቁላልና ለቅዳሜ ምሳ ብቻ የሚበቃ እንጀራ በወጥ ነበር። በከረጢቱ ውስጥ ድፎ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከጎኑ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ጥቂት ጭኮ። ጭኮ ከገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚሠራ የኦሮሞ ወገኖቻችን ምግብ ነው፤ እሳት አይፈልግም፣ ብዙ ቀንም አይበላሽም፤ መንገደኛን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። እሳት የማይፈልግ ስንቅ ሲያዝ ምድጃው፣ ከሰሉና ድስቱ አብረው ይቀራሉ። ይህን ለመገንዘብ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል።

ሁለተኛው ሥርዓታቸው አንድ ዕቃ ከአንድ በላይ አገልግሎት ካልሰጠ እንዳይጫን ነው። ጋቢ ሌሊት ይለበሳል፣ ቀን ይነጠፋል፣ በመኪና ውስጥ የሕፃን ትራስ ይሆናል፤ ፍራሹን ያስቀረው እርሱ ነው። ጄሪካኑ ሲኬድ የመጠጥ ውኃ፣ ሲመለስ ጠበል ይይዛል፤ ስለዚህ ዘይት ወይም ሌላ ነገር ያልነካው መሆን አለበት። አገልግሉም ባዶውን አይመለስም፤ የበረከት ዳቦ ይገባበታል።

ልብስን በሚመለከት ለአንድ ሰው አንድ ቅያሪ ብቻ ፈቀዱ፤ ካልሲን ግን ሁለት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል፤ ድንጋዩ በማለዳ ይቀዘቅዛል፤ የረገጡት ካልሲም እርጥብ ይሆናል። ጫማውም በየደረጃው ማሠሪያ የማያስፈታ ቢሆን ይመረጣል። ነጠላ ለየራስ ነው፤ አይዋዋሱትም። ከዚህ ሌላ የእጅ ባትሪ፣ መታወቂያ፣ ለነዳያን የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ፣ ቆሻሻን መልሶ የሚያመጣ አንድ ባዶ ፌስታል ታከለ። ከሁሉ በላይ የተጠነቀቁት ለደም ግፊት ክኒናቸው ነበር። ጠበል ቦታ ሲደርሱ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚያቋርጡ ምእመናን አሉ፤ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አባቶች ሲያስተምሩ ቆይተዋልና ክኒኑ ከጧፉ ጋር በአንድ ኪስ ቢቀመጥ ነውር የለውም።

በመጨረሻም ከረጢቱን አሰሩና ለልጃችን ሰጥተው፣ «በትከሻህ ይዘህ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዙርልኝ» አሉት። በሦስተኛው ዙር ሲያዘነብል አይተው አንድ ድስትና አንድ ጃንጥላ አወጡ።

ጌታ ሐዋርያትን ሲልክ ስለ ስንቅ የሰጣቸውን ትእዛዝ የምናውቀው ነው፤ እንጀራ፣ ከረጢት፣ ገንዘብ፣ ሁለት እጀ ጠባብ አልተፈቀደም። በትር ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሲፈቀድ በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ተከልክሏል። እናታችን ምርኩዛቸውን ይዘው በመነሣት ከማርቆስ ጋር ወገኑ። ስለ ዳቦው ስንጠይቃቸው ደግሞ ትእዛዙ ለሐዋርያት እንጂ ልጅ ለያዘ ሰው እንዳልሆነ አስረዱን፤ እኛም የነገረ መለኮት ትምህርታችንን ይዘን ዝም አልን።

በዚያ ዓመት ተጓዡ እንደ ቀድሞው 11 ሲሆን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ተቀምጦ አንድ መቀመጫ ባዶ ቀረ። ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ደብረ ጽጌን አልፈን፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ፍቼ ሳንደርስ ወደ ቀኝ ከሚታጠፈው መንገድ ደረስን። ከመታጠፊያው ላይ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት በእግሯ ወደ ገዳሙ ስትወርድ አየን። እናታችን ሾፌሩን አስቆሙትና በባዶው መቀመጫ አስቀመጧት። ከሌሊት ጀምራ ስትጓዝ የነበረች ናት። ጭኮው የተከፈተው በዚያ ጊዜ ነው።

ስለ ገዳሙ ጥቂት እንበል። ደብረ ሊባኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ፣ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረ ጥንታዊ ገዳም ነው። ዛሬ የምናየው ሕንፃ የታነፀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ነው። የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ግንቦት 12 ቀን፣ ፋሲካ ቢቀድምም ቢዘገይም፣ ምንጊዜም በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል። በ1929 ዓ.ም. በዚህ በዓል ሰሞን የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ገዳሙን ከብቦ መነኮሳቱን፣ ዲያቆናቱንና ለበዓሉ የመጡትን ምእመናን ፈጅቷል። ግራዚያኒ የተገደሉት 449 መሆናቸውን ለሮም ቢያስታውቅም፣ ከጊዜ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ስለዚህ በግንቦት ወደዚያ የሚሄድ ሰው፣ እንደ እርሱ ስንቁን ቋጥሮ ለበዓል መጥቶ ያልተመለሰ ምእመን እንደነበረ ለልጆቹ ቢነግራቸው መልካም ነው። በዕለቱ ሕዝቡ እጅግ ስለሚበዛ ግን አረጋዊና ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ሌላ ቅዳሜ ቢመርጥ ይሻለዋል። የትም ቢኬድ ደግሞ ከመነሣት በፊት ስለ መንገዱ ሰላምና ስለ ማደሪያው ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል፤ መልሱ ካላረካ ስንቁን ፈትቶ በቤት መብላት ይቻላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጻድቁ ወደ ጸለዩበት ዋሻ ለመውጣት ተነሣን። መንገዱ ዳገት ነው፤ ለጤነኛ ሰው ብዙ አያደክምም። እናታችን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው በዚያ ዓመት ደክሞ ነበር። ባለፈው ዓመት ቢሆን ይወጡት ነበር። ይህን እርሳቸው አልተናገሩትም፤ እኛም አልተናገርነውም። ጄሪካኑን ሰጡንና፣ «ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ቅዱልኝ፤ አትቸኩሉ» አሉን። ስንመለስ ያችን ሕፃን ያዘለች ሴት አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ልጁን በጋቢያቸው ጠቅልለው ያጫውቱት ነበር።

ጧፋቸውን በማግሥቱ በራሳቸው እጅ አበሩ።

እሑድ ማታ ቤት እንደገባን ከረጢቱን ፈትተው፣ ጋቢውን አራግፈው አሰጡ፤ አገልግሉንም ጠርገው ከግድግዳው ላይ ሰቀሉ። የጻድቁ ዕረፍት ነሐሴ 24 ቀን ይከበራል፤ እናታችን ከወዲሁ ያስቡት ኖሯል። በክረምት ጭቃው እንደሚበረታ ነግረውን፣ ለዚያ ጊዜ ለየአንዳንዱ ልጅ ቦቲ ጫማ እንዲዘጋጅ፣ የወጣውም ጃንጥላ እንዲመለስ አዘዙ።