የ40 ደቂቃ ፈተና፣ የ22 ሳምንት ወረፋ

ብሪታንያ የመንጃ ፈቃድ ፈተናን ግዴታ ያደረገችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ነው። ያኔ ክፍያው 7 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ነበር፤ ዛሬ በሥራ ቀን 62 ፓውንድ ይጠየቃል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ በኮምፒውተር የሚሰጠው የንድፈ ሐሳብ ፈተና፣ ቀጥሎ ፈታኙ ጎን ተቀምጦ 40 ደቂቃ ያህል መንዳት።

ተፈታኞች መሐል ግን «ፈታኞች በየቀኑ የሚጥሉት ሰው ቁጥር ተወስኖላቸዋል» የሚል ወሬ አይጠፋም። ሐሰት ነው። እንዲያውም የነጥብ አያያዙ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ተፈታኙ እስከ 15 ጥቃቅን ስህተት ፈጽሞ ያልፋል፤ አንድ ከባድ ወይም አደገኛ ስህተት ግን ወዲያው ይጥለዋል። ስህተቱን ከባድ የሚያደርገው በአብዛኛው ሁኔታው ነው። ጭር ባለ መንገድ ላይ ሞተሩ ቢጠፋበት ጥቃቅን ተብሎ ይመዘገባል፤ አደባባይ መሐል ጠፍቶበት ከኋላ ያለው መኪና ድንገት ፍሬን ከያዘ ነገሩ ሌላ ነው። ስፖኪዮ ማየት አንዴ መርሳትም ይታለፋል፤ ደጋግሞ ከረሳ ግን ልማድ ነውና ከባድ ይሆናል። ብዙዎችን የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው፦ በስህተት ወደ ሌላ መንገድ መታጠፍ፣ በጥንቃቄ እስከሆነ ድረስ፣ እንደ ስህተት አይቆጠርም። ፈታኙ የሚመዝነው አነዳድን እንጂ አቅጣጫ የማስታወስ ችሎታን አይደለም።

የታመመው ወረፋው ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት እንደዘገበው፣ በፌብሩዋሪ 2020 በአማካይ 5 ሳምንት ያህል የነበረው ጥበቃ በሴፕቴምበር 2025 ወደ 22 ሳምንት ደርሷል። ኮሮና ፈተናዎችን አቋርጦ ነበር፤ የፈታኞች እጥረትም አለ። ከዚያ ወረፋው ራሱን ማርዘም ጀመረ። መንዳት በቅጡ ያልተማሩ ሰዎች «እስከዚያ እንደርስበታለን» እያሉ ቀን ያዙ። ግማሽ ያህሉ ተፈታኝ ይወድቃል፤ የወደቀውም ተመልሶ ይሰለፋል። ሳይዘጋጅ ቀን የሚይዝ ሰው የሌላውን ቦታ ይዞ ነው የሚወድቀው፤ ይህን ማንም ሊነግረው ይገባል። በዚህ መሐል ደላሎች በኮምፒውተር ፕሮግራም ቀጠሮዎቹን ጠራርገው እየያዙ እስከ 500 ፓውንድ ይሸጧቸዋል።

መንግሥትም መፍትሔ ከመፈለግ አልቦዘነም። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ቀጠሮውን መሰረዝ ወይም መቀየር የፈለገ ሰው ክፍያውን ላለማጣት ከ10 የሥራ ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት፤ ቀድሞ 3 ቀን ይበቃ ነበር። በኖቬምበር ደግሞ ወታደራዊ ፈታኞች እንደሚያግዙና ወደፊት ቀጠሮ የሚይዘው ተለማማጁ ራሱ ብቻ እንደሚሆን ተነገረ። ሁለተኛው ደላላን ለመምታት የታለመ ቢሆንም፣ ለተማሪዎቻቸው ሲመዘግቡ የኖሩ ቅን አሠልጣኞችም አብረው ይመታሉ።

በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብሪታንያ የገባ ነዋሪ በሱ መንዳት የሚችለው 12 ወር ብቻ ነው፤ ፈቃዱ አይቀየርለትም፣ ከነልምዱ ይፈተናል። የንድፈ ሐሳቡን ሳያልፍ ደግሞ የተግባር ቀን መያዝ አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ ሻንጣ በተፈታ ሰሞን ቢገባ ይመረጣል።